ድመታችሁ ከተንገዳገደች ደሴ ላይ እኚህ ሐኪም አሉላችሁ

ለበሬና ለበግ የሚሆን ሐኪም ደሴ አታጣም። የድመት ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ብዙ ጊዜ «ድመት ደግሞ ይታከማል እንዴ?» ተብሎ ይመለሳል። እኚህን የእንስሳት ሐኪም በአደባባይ እግዜር ይስጥልን የምንለው ለዚህ ነው።

መርፌ ከማንሳታቸው በፊት ያያሉ። ምንጣፍ ላይ ይለቋትና አረማመዷን ይከታተላሉ። አንገቷ ወደ አንድ ጎን ከዘመመ፣ ወደዚያው እየዞረች ከወደቀች፣ ዓይኗም ወዲያ ወዲህ ከተርገበገበ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ውስጠኛው ጆሮ ነው። አንገቷ ቀጥ ብሎ እግሯን አንፈርጣ የምትቆም፣ ወደ ሳህኑ ስትጠጋ ጭንቅላቷ የሚንቀጠቀጥ፣ ስትተኛ ግን የሚተዋት ከሆነ ሚዛን የሚጠብቀው ንዑስ አንጎሏ ሳያድግ ቀርቷል። ብዙውን ጊዜ ሰበቡ እናትየው እርጉዝ ሳለች የያዛት ፓንሉኮፔኒያ የተባለው የድመት ተላላፊ በሽታ ቫይረስ ነው። ይህ መድኃኒት የለውም፤ ግን አይብስባትም፣ አያሠቃያትምም። «አብሽሩ፣ እንዲሁ እየተንገዳገደች ታድጋለች» ብለው ባዶ እጃችሁን ይሸኟችኋል። ስላልሸጡት መድኃኒትም ጭምር ነው የምናመሰግናቸው።

የጆሮ ታምቡሯን ሳያዩ ጠብታ አያዙም። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ጄንታማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ያለበት ጠብታ ወደ ውስጥ ዘልቆ መስሚያዋንና ሚዛኗን ሊጎዳ ይችላል። ሁልጊዜ የሚጠይቁትም አንድ ነገር አለ፤ ቤት ወይም በረት የመዥገርና የቁንጫ መድኃኒት ተረጭቷል ወይ? ዳያዚኖንም ሆነ ለውሻ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ድመትን ይመርዛል፤ ፀጉሯን ስትልስ ትውጠዋለች።

የቤቱን እንክብካቤም እያሳዩ ያስተምራሉ። በደሴ ብርድ መጀመሪያ ሙቀት ነው፤ የቀዘቀዘች የድመት ልጅ ሆዷ ምግብ አይፈጭም። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና ከካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ አኑሩት፤ ሲበዛባት የምትሸሽበት ይኑራት። ስትሞቅ ብቻ፣ በሆዷ እንደተኛች፣ መርፌው በወለቀ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከአፏ ጥግ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ መግቡ። በጀርባዋ ካስተኛችኋት ወተቱ ሳንባዋ ይገባል። የላም ወተት ያስቀምጣታል፤ ለድመት ልጅ የተዘጋጀ ዱቄት ወተት ይሻላል። ጡት የምትጠባ ከሆነች በየቀኑ መዝኗት፤ ቢያንስ 10 ግራም መጨመር አለባት። ሊሾ ላይ እግሯ ስለሚከፈትባት ምንጣፍ አንጥፉ። ፓራሲታሞል በፍጹም አትስጧት፤ ድመትን ይገድላል።

የተንገዳገደች ድመት ሁሉ ጆሮዋን ታማለች ማለትም አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታም እንዲህ ያደርጋል። ከነከሰቻችሁ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁን። ከመሄዳችሁ በፊት አረማመዷን በስልክ ቅረጹ፤ ክሊኒክ ስትደርስ ፈርታ ስለምትኮማተር ዋናው ምልክት ሊያመልጣቸው ይችላል።