ለሌዘር ሾው፦ የተቀየረ ሳውንድ ካርድ ወይስ ራሱን የቻለ መቆጣጠሪያ?

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰርግ ላይ የሙሽሮቹን ስም በአረንጓዴ ሌዘር ግድግዳ ላይ እየጻፍኩ ላፕቶፑ የባትሪ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ስሙ ተበጣጥሶ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሌዘሩን በሳውንድ ካርድ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ የድምፅ ማውጫ ካዘዝከው፣ ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ድምፅ ሁሉ ጨረሩን ለሚመሩት ትንንሽ መስታወቶች ትዕዛዝ ነው። ማስጠንቀቂያውን ቀድመህ ዝጋው አቦ!

የካርዱ ውበት ርካሽነቱ ነው። ታይዋን ገበያ ስትዞር ባለ 7.1 ዩኤስቢ ካርድ ካጋጠመህ ስምንት ቻናል (ለየብቻ የሚታዘዝ መውጫ) አገኘህ ማለት ነው። ሁለቱ መስታወቶቹን ወደ ጎንና ወደ ላይ ያንቀሳቅሳሉ፤ ሦስቱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ያዛሉ። ችግሩ መውጫው ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ናቸው፤ ቋሚ ቮልቴጅ አያሳልፉም። ጨረሩ ባለበት እንዲቆም እነሱን በቀጭን ሽቦ መዝለል አለብህ። የእኔ የብየዳ ካውያ ጫፉ ወፍራም ስለሆነ የመጀመሪያውን ካርድ መስመር ልጦ አነሳው። ይህም ሆኖ የሚወጣው 1 ወይም 2 ቮልት ገደማ ነው። የተለመደው የአይኤልዲኤ (የዓለም አቀፉ የሌዘር ትርዒት ማኅበር) መስፈርት ለመስታወቶቹ እስከ 10 ቮልት ስለሚጠይቅ ማጉያም ትሠራለህ።

ሄሊዮስን የመሰለ ራሱን የቻለ የሌዘር መቆጣጠሪያ ብየዳ የለው፣ ማጉያ የለው፤ ሰክተህ መሥራት ነው። ቀለም ሲቀየርም ጠርዙ ጥርት ይላል። ዋጋው ግን በዶላር ነው፣ ያማል።

ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ሌላ ነው። መቆጣጠሪያው ሌዘሩን የሚዘጋ የራሱ መስመር አለው። በካርዱ ግን ፕሮግራሙ ቀጥ ካለ ጨረሩም አንድ ነጥብ ላይ ቀጥ ሊል ይችላል፤ ያ ነጥብ የሰው ዓይን ቢሆንስ?

ካርዱን ቤቴ ግድግዳ ላይ እጫወትበታለሁ። ለሰርግ፣ እቁቡ ሲደርሰኝ ሄሊዮስ።