ክሮስ ሴክሽናል ወይስ ኮሆርት? ለማስተርስ ፕሮፖዛል የቱ ይሻላል

በጤናው ዘርፍ ፕሮፖዛል የሚጽፍ አብዛኛው ተማሪ ክሮስ ሴክሽናል የሚባለውን የጥናት ዓይነት ይመርጣል። አይፈረድበትም። መረጃው በአንድ ዙር ይሰበሰባል፣ ወጪውም ይቻላል። የናሙናው ስሌትም የታወቀ ነው፦ ስርጭቱን (ችግሩ ያለባቸውን ሰዎች ድርሻ) 50 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑን 5 በመቶ፣ የመተማመኛ ደረጃውን 95 በመቶ ስታደርጉ 384 ይመጣል። ለማይመልሱ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 422 ገደማ ይሆናል። ግን እባካችሁ፣ በርዕሳችሁ ላይ ቀደም ያለ ጥናት ካለ 50 በመቶን ዝም ብላችሁ አትውሰዱ።

ትልቁ ጉዳይ ጥያቄያችሁ ነው። ጫትና ድብርትን እንውሰድ። ሁለቱን በአንድ ቀን ከጠየቃችሁ ዝምድና ታገኙ ይሆናል። ግን ጫቱ ድብርቱን አመጣ ወይስ ድብርት ያለበት ሰው ጫት ጀመረ? ክሮስ ሴክሽናል ይህን አይለይላችሁም። ስለዚህ ርዕሱ ላይ «ተጽዕኖ» ብላችሁ አትጻፉ።

ኮሆርት፣ ማለትም ሰዎችን በጊዜ ሂደት የሚከታተል ጥናት፣ ቅደም ተከተሉን ያሳያል። ድብርት የሌለባቸውን ቃሚዎችና የማይቅሙ ሰዎች ይዛችሁ፣ ማን በኋላ እንደታመመ ታያላችሁ። ችግሩ ጊዜ ይበላል። ሰው ስልክ ይቀይራል፣ ቤት ይለቃል። ተሳታፊ ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉ ፕሮፖዛሉ ላይ መስፈር አለበት።

«ስንቱ ሰው?» የሚል ጥያቄ ካላችሁ ክሮስ ሴክሽናል ይበቃል። «ምን አመጣው?» ከሆነ ግን እኔ ያለፈውን ከሆስፒታል መዝገብ እየተከተለ የሚሠራውን የኋሊት ኮሆርት እመርጣለሁ፤ በማስተርስ ጊዜ ይደርሳል። ፕሮፖዛሉን ከመጻፋችሁ በፊት ጥቂት የታካሚ ካርዶች አስወጥታችሁ፣ የምትፈልጉት መረጃ ተሞልቶ እንደሆነ እዩ።