ተጠንቀቁ፦ «አዲስ» ተብሎ የተሸጠልኝ የጌም ኮምፒውተር የወንድሜ እኩያ ሆኖ ተገኘ

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ፣ ከወልድያም ከከሚሴም ኮምፒውተር ፍለጋ ወደ ደሴ ለምትመጡ ወገኖቼ ነው። በተለይም ዕቃውን ለየብቻ ገዝታችሁ ቤታችሁ ለመገጣጠም ላሰባችሁ። የሱቁን ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ዕቃ በሌላ ሱቅ መደርደሪያ ላይም አይቻለሁና፣ ስም ብጠራ ከአንዱ አምልጣችሁ ሌላው ዘንድ ትገባላችሁ። ዕቃውን ብታውቁት ይሻላል።

ኅዳር ላይ ዕቁብ ደረሰኝ። ታናሽ ወንድሜን የ8ኛ ክፍልን ፈተና ካለፍህ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር አብረን እንገጥማለን ብዬው ነበር፤ አለፈ፣ እኔም ዕዳ ገባሁ። ሐሳቤ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ የሚያገለግለው ነገር ለመግዛት ነበር። ሻጩ አንደበቱ ማር ነው። «አብሽር ወንድሜ፣ ይኼን ከገዛህ አምስት ዓመት ዞር ብለህ አታየውም» አለኝ። ወሎ ነውና በአላህም በማርያምም መርቆ ሸኘኝ። 58,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ።

የተሰጠኝ ይህ ነው፦ «አይ ሰባት» ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ከነማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ 16 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባል 4 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው)፣ 700 ዋት የሚል ፓወር ሰፕላይ (ለሁሉም ኃይል የሚያከፋፍለው)፣ እንደ ቀስተ ደመና የሚያበሩ ፋኖች ያሉት ኬዝ። ዲስክ ቤት ነበረኝ። ከወንድሜ ጋር አንድ እሑድ ሙሉ ገጠምነው። እናታችን ቡና እያፈላች ታየን ነበር፤ የፋኖቹ መብራት ሲበራ «ይኼማ የሠርግ ቤት ነው» አለች።

ኢንተርኔት ለመክፈትና ፊልም ለማየት ችግር አልነበረበትም። እግር ኳሱን ጌም ስንከፍት ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ወይም ምስሉ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ይቆራረጣል። ሻጩ ጋ ደወልኩ። ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ነው አለኝ። ድራይቨር ቀየርን። ዊንዶውሱን እንደገና ጫኑ አለኝ። ጫንን። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ምሽት መብራት ሄዶ ተመለሰ፤ ወንድሜ ማብሪያውን ሲጫን ከኬዙ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ወጣና ቤቱ በተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ተሞላ። ከዚያ ወዲህ አልበራም።

ከፓወር ሰፕላዩ ልጀምር፤ ሌላውን ይዞ የሄደው እሱ ነውና። ፈትቼ ሳነሳው ቅልል አለኝ። ነገሩ ቢከነክነኝ በርበሬ የሚመዘንበት የሠፈራችን ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 640 ግራም። ደህና የ500 ዋት ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ተኩል አያንስም፤ ውስጡ መዳብና ሙቀት የሚያወጣ ብረት አለበትና። ባለሱቁ «ለዚህ ስንት ከፈልክ?» ሲለኝ ዝም አልኩ።

ከዚያ ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት አነበብኩ። 700 የሚለው ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። በታችኛው ሠንጠረዥ ደግሞ በትንንሽ ፊደል «12 ቮልት፣ 16 አምፔር» ይላል። ሻጭ የማያሳያችሁ ቁጥር ይህ ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚበሉት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። 12 በ16 ሲባዛ 192 ዋት ብቻ ነው። የእኔ ፕሮሰሰር በፋብሪካው መግለጫ 95 ዋት፣ በኋላ እንደምነግራችሁ እውነተኛ ማንነቱ የታወቀው ካርድ 106 ዋት ይወስዳሉ፤ ሁለቱ ብቻ 201። ወረቀቱ ላይ ያለው እውነት ነው ቢባል እንኳ ጌም በተከፈተ ቁጥር ከአቅሙ በላይ ይሸከም ነበር ማለት ነው። ሲፈነዳ ማዘርቦርዱንም አብሮ ገደለው። (ራሳችሁ እንዳትከፍቱት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የሚይዝ ኃይል አለ። እኔ ያስከፈትኩት በጥገና ባለሙያ ነው።) ሌላም ነገር፦ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው፣ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ። በእኛ መብራት 115 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

ግራፊክስ ካርዱ ተርፏል። በፌስታል ጠቅልዬ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ ሰካነው። ጓደኛዬ ገና በእጁ ይዞ ሲያገላብጠው ሳቀ። «ይቺን ተመልከት» ብሎ ከኋላው ያለችውን ባለ አሥራ አምስት ቀዳዳ ሰማያዊ ቪጂኤ ማውጫ (የድሮ ስክሪን ገመድ የሚሰካባት) አሳየኝ። እኔ እኮ ስገዛው ደስ ያለኝ በእሷ ነበር፤ አሮጌው ስክሪናችን በቪጂኤ ነው የሚሠራው። ለካ የ1050 ቲአይ ትውልድ ካርዶች ቺፓቸው የቪጂኤ ምልክት ጨርሶ አያወጣም። 1050 ቲአይ ተብሎ ቪጂኤ ያለው ካርድ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልጋችሁም፤ አመስግናችሁ ውጡ።

ጂፒዩ ዜድ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሲከፍተው ደግሞ ከስሙ ፊት ሐሰተኛ መሆኑን የሚናገር ቃል ጽፎ አወጣው። ቺፑ ጂቲኤስ 450 ነው፤ እውነተኛው የማስታወሻ መጠን 1 ጊጋ፣ የኮሩ (ምስሉን የሚያሰሉት ትንንሽ ክፍሎች) ቁጥር የ1050 ቲአይ ሩብ። ሱቅ ውስጥ ሻጩ ዊንዶውስ ከፍቶ «ይኸው ስሙ» ብሎ ያሳየኝ የ1050 ቲአይ ስም ታዲያ ከየት መጣ? ካርዱ ማንነቱን የሚናገረው በላዩ ካለች አነስተኛ ቺፕ ውስጥ የተጻፈውን ተከትሎ ነው። በዚያች ቺፕ ላይ የሌላ ካርድ ማንነት ከጻፉባት ዊንዶውስም ያምናል፣ እኔም አመንኩ። ጌሙ ግን 4 ጊጋ አለ ተብሎ ሲጠቀም ከ1 ጊጋው በኋላ ባዶ ያገኛል። የስክሪኑ መጥቆር ምስጢር ይኸው ነበር። የቺፑ ሠሪ ኢንቪዲያ ለጂቲኤስ 450 ትውልድ ካርዶች የጌም ድራይቨር ማውጣት ያቆመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ስለዚህ ድራይቨር ቀይር ያለኝ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያሾፍብኝ ነበር።

ፕሮሰሰሩ ሐሰተኛ አይደለም። እውነተኛ አይ 7 ነው፤ አይ 7-2600። ማዘርቦርዱም አዲስ ነው ያሉኝ እውነታቸውን ነው፤ ለድሮ ፕሮሰሰር አሁን ድረስ አዲስ ቦርድ ይሠራል። ማንም ያልነገረኝ ትውልዱን ነው። ከሰረዙ ቀጥላ የምትመጣዋ 2 ሁለተኛ ትውልድ ማለት ናት፤ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በጥር 2011፣ በእኛ 2003 ዓ.ም. ነው። ጂቲኤስ 450ም በዚያው በ2003 መስከረም ወጣ። ወንድሜም የተወለደው በ2003። ቀኑን ሳሰላ ወንድሜ «እኩዮቼ ናቸው» ብሎ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ዕድሜ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ በዋጋው ልክ ከተሸጠ ለቢሮ ሥራ ይበቃ ነበር። ለሚቆይ ኮምፒውተር ግን መጨረሻው የተዘጋ መንገድ ነው። በዚያ ቦርድ ላይ የሚሰካው ከሦስተኛ ትውልድ አያልፍም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል (የአይ 7 ሠሪ) በኩል ከጥቂቶች በቀር 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው የሚጠይቀው። እኔ የገዛሁት ድጋፉ ካለቀ ከወር በኋላ ነው።

ካርዱንና የተቃጠለውን ይዤ ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ መብራት ያቃጠለውን ዕቃ አንቀበልም አለኝ። ካርዱስ? «እሱ ከእኔ መገዛቱን በምን አውቃለሁ?» ደረሰኙን አወጣሁ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «የኮምፒውተር ዕቃ» ብቻ ነው፣ ብዛት 1። ያኔ ነው እግሬ የከዳኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዙ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ሰጥቶ ነበር፤ እኔ ድራይቨር ስቀይር 15 ቀኑ አለፈ። ስለዚህ ደረሰኝ ስትቀበሉ የእያንዳንዱ ዕቃ ሙሉ ስምና ሞዴል፣ ከተቻለም ሲሪያል ቁጥሩ ይጻፍበት። አልጽፍም ካለ ምክንያቱን ራሱ ነግሯችኋል።

ዳግም ብገዛ ምን አደርግ ነበር ለሚለኝ፦ መብራት ሄድ መለስ በሚልበት አገር መጀመሪያ ገንዘቤን የማወጣው በፓወር ሰፕላይ ላይ ነው፤ አዲስ፣ ከባድ፣ የ12 ቮልቱ አምፔር በ12 ሲባዛ በትልቁ ከተጻፈው ዋት ብዙ የማይርቅ። ያገለገለ ፕሮሰሰር አያስፈራኝም፣ በቀላሉ የሚበላሽ ዕቃ አይደለም። እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ በውስጡ ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር ይዤ ቀለል ባሉ ጌሞች እጀምርና ካርዱን ሌላ ዕቁብ ሲደርሰኝ እጨምር ነበር፤ ወንድሜ ቢያኮርፍም። ያገለገለ ካርድ የግድ ከሆነ ጂፒዩ ዜድን በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ከባድ ጌም ግማሽ ሰዓት ሳይጠቁር ካልሠራ ብሬ ከኪሴ አይወጣም። አርኤክስ 580 የሚባለውን ካርድ ካቀረቡላችሁም ጠይቁ፤ 2048 ኮር ያለው ደካማ ወንድም አለው፣ ስማቸው አንድ ነው፣ ሙሉው 2304 ነው።

ትናንት ማታ ወንድሜ ስልኩን አምጥቶ አሳየኝ። ያው ማስታወቂያ ከነፎቶው እንደገና ወጥቷል፤ ሰማያዊዋ ቪጂኤ ከፎቶው ላይ በግልጽ ትታያለች። ዋጋው በ2,000 ብር ቀንሷል፣ ከሥሩም «ሦስት ብቻ ቀርቷል» ይላል።