ኤፍ-150 ሃይብሪድ፦ በጋሎን ስንት ማይል?

መልሱን ላስቀድም። ይህች የፎርድ ፒክአፕ ከተማ ውስጥ ያለ ጭነት በጋሎን 24 ማይል ገደማ ትሄዳለች። ቁመቱ ረጅም የሆነ ዝግ ተሳቢ አስከትላ አውራ ጎዳና ከወጣች ግን ግማሹም ከተገኘ ተመስገን ነው። በአገር ቤት አቆጣጠር 24 ማይል በጋሎን ማለት በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ቶን ተኩል ለሚመዝን መኪና አይናቅም።

ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ የወለል ሴራሚክ እሠራለሁ። ይዤ የምዞራት የ2021 ፎርድ ኤፍ-150፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳ፣ ፓወርቡስት የሚባለው ሃይብሪድ ናት። 3.5 ሊትር የቤንዚን ሞተርና አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ተጋግዘው 430 የፈረስ ጉልበት ያወጣሉ። አዲስ ሳለች መስኮቷ ላይ የሚለጠፈው የመንግሥት መለኪያ ለከተማም ለአውራ ጎዳናም እኩል 24 ይሰጣታል፤ በቤንዚን ብቻ የሚሠሩ እኩዮቿ ደግሞ ከከተማ ይልቅ አውራ ጎዳና ላይ ይሻላቸዋል። ምሥጢሩ ፍሬኑ ላይ ነው። ሃቫና ጎዳና ላይ በየመብራቱ ስትቆሙ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ መኪናዋን እየገታ ባትሪውን ይሞላል፤ ቀይ መብራት ላይም የቤንዚኑ ሞተር ይጠፋል። ፈጣን መንገድ ላይ ፍሬን የሚይዝ የለም፤ ያለው ነፋስ ነው። በሰዓት ከ65 ማይል ወደ 75 ስታልፉ የአየሩ ግፊት በሲሶ ይጨምራል፤ የዚህች መኪና ፊት ደግሞ እንደ ግንብ የቆመ ነው።

በኢንተርስቴት 70 ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስትወጡ ዳገቱ 3,400 ሜትር ድረስ ያደርሳችኋል። ሽቅብ የጠጣችውን ቁልቁል ትመልሳለች ብሎ ተስፋ የሚያደርግ አይጠፋም። ባትሪዋ ግን 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ቁልቁለቱ ሳይጋመስ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኃይል በከንቱ ይባክናል።

አንድ የዚህ ከፍታ ጣጣም አለ። ማደያዎቻችን ርካሹን ቤንዚን 85 ኦክቴን (ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል የመቋቋም ደረጃው) አድርገው ይሸጣሉ፤ የፎርድ መመሪያ ግን ከ87 በታች እንዳይቀዳ ያስጠነቅቃል፤ በዚያ ሳቢያ ሞተሩ ቢጎዳ ዋስትናው ላይሸፍነው ይችላል። ስለዚህ የምቀዳው ከርካሹ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ነው፤ ልዩነቱም ከቁጠባው ላይ ይቀነሳል። መኪናዋን የሸጠልኝ ሰው ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለም።

«ፒክአፕ በጋሎን ከ15 ማይል ወደ 20 ብትደርስ አምስት ማይል ምን ቁም ነገር አለው?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እርሳስ ያንሡ። በ10,000 ማይል ጉዞ በጋሎን 15 የሚሄድ 667 ጋሎን ይፈጃል፤ 20 የሚሄድ 500። የተረፈው 167 ጋሎን ነው። ባለቤቴ በጋሎን 30 የምትሄደውን መኪናዋን 40 በምትሄድ ብትለውጥ የሚተርፈው 83 ብቻ ነው። ጥቂት ማሻሻያ ብዙ ገንዘብ የሚያተርፈው በላተኛው መኪና ላይ ነው፤ ቤተሰቡ ሁለት መኪና ካለው መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ፒክአፑ ነው።

በማይል የማይቆጠር ጥቅምም አላት። ከኋላ የጭነት ቦታው ላይ ቢያንስ 2.4 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ሶኬት አለ፤ ተጨማሪ የከፈለ 7.2 ያገኛል። የሴራሚክ መቁረጫዬን እዚያ ላይ ሰክቼ እሠራለሁ፤ ሞተሩ ባትሪው ሲያንስ ተነሥቶ ይሞላል፣ መልሶ ይጠፋል። ጀነሬተር መጫን፣ ጩኸቱን መስማትና የጎረቤት ቁጣ ማብረድ ቀረልኝ። ለእኔ ዋጋዋን የመለሰችው እዚህ ላይ ነው።

ሥራችሁ ከተማ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ከሆነ ግዟት። ቀኑን ሙሉ ረጅም መንገድ የምትነዱ ከሆነ ግን ባለ 3 ሊትር ናፍጣዋን ሸቭሮሌት ሲልቬራዶ አስቀድማችሁ እዩ፤ አውራ ጎዳና ላይ ትበልጣታለች። ናፍጣ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከቤንዚን ስለሚወደድ የሰፈራችሁን ማደያ ዋጋ ይዛችሁ አስሉ።