ድመት ባለበት ቤት፦ ኪሮሽ ወይስ የሹራብ መርፌ?

ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋ ከተማ በመሆኗ፣ በክረምት ማታ ቡና ተፈልቶ ክር ይዞ መቀመጥ ያስደስታል፤ ድመቷም ከጎን አትጠፋም።

በኪሮሽ ሥራ ክፍት የሚሆነው አንድ ቀለበት ብቻ ስለሆነ፣ ድመቷ መንጠቆውን ብትመነጭቀው የሚፈታው ጥቂት ነው። በሹራብ መርፌ ግን የረድፉ ቀለበቶች ሁሉ መርፌው ላይ ስለሚያርፉ፣ አንዴ ከሾለኩ የብዙ ቀን ድካም ሊተረተር ይችላል፤ ለእናቴ የጀመርኩት ሹራብ እንዲህ ሆኖብኝ አልቅሻለሁ።

ኪሮሽ ክር ይበላል። መርፌው ይቆጥባል፤ የሚወጣው ልብስም ተለጣጭና ለገላ የሚመች ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የድመቷ ሕይወት ነው። ምላሷ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን እሾኮች ስላሉት አፏ የገባውን ክር መትፋት ያስቸግራታል፤ የተዋጠ ክር አንጀቷን ሰብስቦ ሊቆርጥ ስለሚችል፣ ጫፉ ከአፏ ወይም ከኋላዋ ቢታይ እንኳ ሳይጎትቱ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል። በዚህ አደጋ ሁለቱም እኩል ስለሆኑ፣ ክሩ ክዳን ባለው ሙዳይ ውስጥ ይደር።

ልጅና ድመት ለሚመላለሱበት ቤት፣ ለአልጋ ልብስና ለጠረጴዛ ጨርቅ ኪሮሽ ይስማማል። በር ዘግቶ መሥራት ለሚችልና ለደጋው ብርድ ሹራብ ለሚፈልግ ደግሞ መርፌው ይመረጣል።