ቤዙ ቆጥ ላይ ከወጣ ስምንት ወሩ፦ የኤፍጄ ክሩዘሬ ነገር

ነገሩን ያስጀመረው ሽታ ነው። የዓሣ ሽታ።

ባለቤቴ እዚሁ ባሕር ዳር አነስ ያለች ምግብ ቤት አላት። ዓሣ የማቀርብላት እኔ ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። ቆሮሶና አምባዛ እገዛለሁ፤ ከተገኘ ነጭ ዓሣም አልጠላም። ዓሣው በረዶ የተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኖቹ ሁለት ናቸው። ከመኪናዬ ኋላ ግን የሚገባው አንዱ ብቻ ነበር።

መኪናዬ ቶዮታ ኤፍጄ ክሩዘር ናት። ጣራዋ ነጭ ነው፤ የሰፈር ልጆች ከሩቅ ያውቋታል። ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ሰብዉፈር አላት፤ ዝቅ ያለውን ድምፅ፣ ከበሮውን፣ የሚያወጣው ስፒከር ነው፤ እኛ በአጭሩ ቤዝ የምንለው። ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ከኋላ መቀመጫው ጀርባ፣ የዕቃ መጫኛው ጥግ ላይ ጉብ ብሎ ይቀመጣል። መኪናውን ስትገዙ ጌጥ ይመስላችኋል። ዕቃ መጫን ስትጀምሩ ግን ሒሳብ የማይከፍል ተሳፋሪ ነው፤ ውረድ ቢሉት አይወርድም።

ስለዚህ ሁለተኛው የዓሣ ሳጥን የኋላ ወንበር ላይ ይሄድ ነበር። ኤፍጄ የነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የኋላ በሮቿ ወደ ኋላ ነው የሚከፈቱት፤ ያውም የፊቱ በር ቀድሞ ካልተከፈተ ንቅንቅ አይሉም። በጨለማ፣ እርጥብ ሳጥን ታቅፎ ሁለት በር መክፈት ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። ወገብ ይቆርጣል። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ውሃው ወንበሩ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ በዚያው መኪና ልጆች ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ “አባዬ፣ ጓደኞቼ አምባዛ እያሉ ይጠሩኛል” አለችኝ። እኔ ልስቅ ስል እሷ ልታለቅስ ነበር። በሳምንቱ ጋራዥ ሄድኩ።

ምክር አላጣሁም። ብዙው ሰው “አውጥተህ ሽጠው” አለኝ። አንዳንዱ “መኪናውን ቀይር” አለ፤ እሱ እንኳ ለመናገር ይቀላል። ባለ 4.0 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ቤንዚን እንደ ጠላ እንደሚጠጣ አውቃለሁ። ግን የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያላትን የሚለቅ ሰው የለም፤ እኔም የያዝኳትን ማበጃጀት መረጥኩ። ቤዙን መሸጥም አንጀቴ እምቢ አለ። እኔ ሙዚቃ የምሰማው መኪና ውስጥ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ የልጆቹ ነው፤ ምግብ ቤቱ ደግሞ የባለቤቴ ግዛት ነው።

ኤሌትሪሺያኑ ሌላ ሐሳብ አመጣ። “ጋሼ፣ ስፒከሩን እናውጣውና በችፑድ ትንሽ ሳጥን እንሥራለት” አለኝ። ይህን አልተቀበልኩም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር የድምፁ አካል ነው። ሳጥኑን ካሳነሳችሁት አየሩ እንደ ጠንካራ ሞላ ሆኖ ስፒከሩን ይገፋዋል፤ ስፒከሩም እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። ጥልቁ ድምፅ ይጠፋና ዱም ዱም የሚል አንድ ዓይነት ጩኸት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሳጥኑ እንዳለ ይነሣ አልኩ። የሚቀየረው ቦታው ብቻ ነው።

ቦታው ቢቀየርስ ድምፁ አይበላሽም? እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ሌሊት የሰርግ ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የሚሰማችሁ ከበሮው ብቻ ነው። ያውም ከየትኛው ቀበሌ እንደሚመጣ መለየት ያስቸግራል። ዝቅ ያለ ድምፅ እንዲህ ነው። 50 ኸርዝ ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ በሚርገበገብ ድምፅ፣ አንዱ ሞገድ ብቻ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ መኪናዬ ከአፍንጫ እስከ ጭራ 4.67 ሜትር ናት። ከመኪናው የሚረዝም ሞገድ ከቀኝ መጣ ከግራ ጆሮ ብዙም አይለየውም። ጥግና ወለል ድምፁን ያጎሉታል፤ ከዚያ ሲነሣ ትንሽ ይቀንሳል። ትንሽ ለመክፈል ደግሞ ዝግጁ ነበርኩ።

ሥራው የተሠራው ጥቅምት ላይ ነው። ሳጥኑን ስናነሣው ከሥሩ የወጣውን ባታዩት ይሻላል፦ እንደ ብርጭቆ ስባሪ የደረቀ የቆሮሶ ቅርፊት፣ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም፣ ግማሽ እርሳስ። የአንዱ ብሎን ራስ ዝጓል። የኤፍጄ ወለል ላስቲክ ስለሆነ በውሃ ይታጠባል ብዬ ስኩራራ የነበርኩት ሰውዬ፣ ውሃው ቤዙ ሥር እየተኛ እንደነበር ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

በያጁ ከላሜራና ከቀጭን ቱቦ መደርደሪያ ሠራ። ከቀኝ ጎማው እብጠት በላይ፣ መስኮቱ ሥር እንዲቀመጥ። እኔ ያስቀመጥኩት ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፦ ትራፓኖ ወለሉን አይነካም። ከወለሉ ሥር የነዳጅ ነገር አለ፤ የተበሳ ብረት ደግሞ ክረምት ሲገባ ዝገት ይጠራል። ስለዚህ መደርደሪያው የታሰረው ፋብሪካው ራሱ ዕቃ ማሰሪያ ቀለበት ባደረገባቸው ቀዳዳዎች ነው። ባለ ሮንዴላ አራት ብሎን፣ የማይላላ ዳዶ፣ በየመገናኛው ቁራጭ ላስቲክ። እዚህ ላይ ብር አትቆጥቡ። ከመደርደሪያው ፊት ለፊት የሚቀመጡት ልጆቻችሁ ናቸው፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ያልታሰረ ሳጥን ወደ ፊት ይወረወራል።

ገመዱ አልደረሰም። የባትሪው ነጌቲቭ ከተነቀለ በኋላ ሁለት ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ ከነበረው ጋር እኩል የሆነ ሽቦ ተቀጠለ፤ በሊድ ተበየደ፤ በናስትሮ ተጠቀለለ። ከዚያ ሙዚቃ ተከፈተ።

ቤዝ የለም።

ስፒከሩ ይንቀሳቀሳል፤ እጄን ሳስጠጋ ንፋሱ ይሰማኛል። ሾፌር ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን ከበሮው ጠፍቷል። ጭብጨባው አለ፣ ማሲንቆው አለ፣ ከበሮው የለም። ኤሌትሪሺያኑ “ጋሼ፣ ቦታው ነው። ወለል ላይ ስለነበር ነው ድሮ የሚጮኸው” አለኝ። ትንሽ ቅር አለኝ። ቦታ ይቀንሳል እንጂ እንዲህ አያጠፋም። ሱቅ ልኬ አንድ የሬዲዮ ድንጋይ አስመጣሁ፤ ባለ 1.5 ቮልቱን። ቤዙን ድምፁን ከሚያጎላለት ከአምፕሊፋየሩ ለያየነው። የድንጋዩን ፖዘቲቭ በፖዘቲቩ ሽቦ፣ ነጌቲቩን በነጌቲቩ ለአፍታ ነካ አደረግኩ። በትክክል የታሰረ ስፒከር እንዲህ ሲደረግ ወደ ውጭ ነው ብቅ የሚለው። የኔው ግን ወደ ውስጥ ጎደጎደ። ጠብ! ላዩ ላይ የነበረው አቧራ ሁሉ ዘለለ።

ሽቦው ሲቀጠል ተገላብጦ ነበር። የበሩ ስፒከሮች አየሩን ሲገፉ ቤዙ ይስባል፤ እነሱ ሲስቡ እሱ ይገፋል፤ በመጨረሻ ተጣፍተው ይቀራሉ። ሁለቱን ሽቦ ስናለዋውጣቸው ከበሮው ተመለሰ። ኤሌትሪሺያኑ ራሱን እየነቀነቀ ድንጋዩን ኪሱ ከተተው። የኔ ነበር፤ ግን ዝም አልኩ።

መጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ማር ነበሩ። ሁለቱ ሳጥኖች ከኋላ ጎን ለጎን ይገባሉ። ወንበሩ ደረቀ። ልጄ ሻርፗን ከአፍንጫዋ አወረደች። አማቴ ከመራዊ አንድ ኩንታል ጤፍ ይዘን ስንመጣ ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩና “ምነው ልጄ፣ ዶሮ ነው እንዴ ቆጥ ላይ የሰቀልከው?” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ስሙ ቆጥ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ግን ደነገጥኩ። ባሕር ዳር ብስክሌት የበዛባት ከተማ ናት። ኤፍጄ ደግሞ ከፋብሪካዋም ወደ ኋላ ማየት አትወድም፤ የኋላ ምሰሶዎቿ ወፍራም፣ መስኮቶቿ ጠባብ ናቸው። እኔ በላዩ ላይ የቀኙን መስኮት በቤዝ ግማሹን ሸፍኜዋለሁ። ወደ ቀኝ ልታጠፍ ስፖኪዮ አየሁ፤ ባዶ ነው። ዘወር ብዬ መስኮቱን አየሁ፤ ጥቁር ሳጥን። መሪውን ስጠመዝዝ የመኪናው ጎን በመዳፍ ተመታ። ብስክሌት ላይ ያለ ወጣት ነው፤ ከኋላው የሣር ሸክም ታስሯል። አልወደቀም፤ ምንም አልሆነም። “ጋሼ፣ ዓይን የለህም?” ብሎኝ ሄደ። ዓይንስ ነበረኝ፤ ራሴ ነኝ የጋረድኩት።

በነጋታው በያጁ ጋ ተመለስኩ። ቆሞ የነበረውን ሳጥን በጎኑ አስተኛነው፤ መደርደሪያውም ዝቅ አለ። አሁን ከመስኮቱ የሚሸፈነው የታችኛው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው። መጀመሪያውኑ እንዲህ መሠራት ነበረበት። ኪሳራውም አለው፤ የተኛው ሳጥን ወደ ውስጥ ገባ ስላለ አንዱ የዓሣ ሳጥን ከሥሩ ነው የሚገባው። ክዳኑ መኪናው ውስጥ እያለ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ መጎተት አለበት። ባለቤቴ እስካሁን ታጉረመርማለች። ልክ ናት፤ ሳጥኑን የምትጎትተው እሷ ናት።

በበጋው ሌላ ጣጣ መጣ። ቡና ልገዛ ወደ ዘጌ ስሄድ ኮረኮንቹ ላይ ከኋላ ዝርርር የሚል ድምፅ ጀመረ። ቤዙ ነው ብዬ ሦስት ቀን ከሱ ጋር ታገልኩ። አልነበረም። ከበሮው ሲመታ የሚንቀጠቀጠው የጎን ግድግዳው ፕላስቲክ ነው፤ በመዳፌ ስጫነው ዝም ይላል፣ ስለቀው ይጀምራል። ቁራጭ ምንጣፍ ከኋላው ወሽቄ ገላገልኩት። አንዱ ብሎንም ግማሽ ዙር ላልቶ አገኘሁት። አሁን በየወሩ መጀመሪያ በቁልፍ አራቱንም እነካካለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ዋናው ፈተና ዐቢይ ጾም ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተውና፣ እኛ ምግብ ቤት ግን 55ቱም ቀን ሥራ ይበዛል። በሳምንት ሦስት ቀን የነበረው ምልልስ ስድስት ሆነ። ሁለቱም ሳጥን ሙሉ፣ በላያቸው የሽንኩርት ጆንያ። ቆጡ ንቅንቅ አላለም። ውሃውም ቢፈስ አሁን የሚያገኘው ላስቲክ ብቻ ነው፤ ጠርጌው እገባለሁ።

ድምፁስ? ከፋሲካ በኋላ ጎንደር ደርሼ ስመለስ፣ አንድ መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደንብ አዳመጥኩት። ጥልቁ ላይ ትንሽ ጎድሏል። ቴፑ ላይ ቤዙን ሁለት ነጥብ ጨምሬ ለጆሮዬ የሚበቃ አድርጌዋለሁ። ከበሮው ድሮ ጀርባዬን ይገፋኝ ነበር፤ አሁን ይሰማኛል እንጂ አይገፋኝም። የኋላ ወንበር ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ስፒከሩ ለልጆቹ ጆሮ ቀርቧል፤ ትልቁ ይወደዋል፣ ትንሿ “አባዬ፣ ቀንሰው” ትላለች። እሷ ስትኖር እቀንሳለሁ።

ወጪው ይህን ይመስላል፦ በያጁ ለሁለቱም ጊዜ 3,500 ብር፣ ኤሌትሪሺያኑ 1,500 ብር፣ ሽቦና ብሎን 800 ብር ገደማ። አንድ ጊዜ በትክክል ቢሠራ ከዚህ ያንስ ነበር። ብዙ ዕቃ ለማይጭን ሰው አልመክረውም፤ ፋብሪካው ያስቀመጠበት ቦታ ለድምፅ ጥሩ ነው። ሙዚቃ ለማይሰማ ሰውም አልመክርም፤ እሱ አውጥቶ ይሽጠው። ሁለቱንም ለሚፈልግ እንደኔ ላለ ስስታም ግን ይሆናል። መስኮቱን ብቻ አይንካ።

ባለፈው ሳምንት ያው ኤሌትሪሺያን ደወለልኝ። ሌላ ደንበኛ እንዲሁ አድርግልኝ ብሎታል፤ የቆጡን ፎቶ ይፈልጋል። ላክሁለት፤ ሁለተኛውን፣ የተኛውን። ከሥሩም “ድንጋዬን ይዘህ ሂድ” ብዬ ጻፍኩለት።