ባለ ከረጢት፣ ከረጢት አልባ ወይስ ባለ ባትሪ? ቫኪዩም ከመግዛታችሁ በፊት

ቫኪዩም ሊገዛ የሄደ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ላይ ነው። 2000፣ 2400። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ዋቱ ግን ማሽኑ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው የሚነግራችሁ፣ የሚስበውን አቧራ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ የቤት ቫኪዩም ከ1600 ዋት በታች ካልሆነ ገበያ አይግባ አለ፤ በ2017 ደግሞ ጣሪያውን ወደ 900 አወረደው። ሰው ቤቱን ማጽዳት አላቆመም። አምራቾቹ የፋኑን ቅርጽ፣ የአየሩን መተላለፊያና ወለሉን የሚነካውን አፍ አሻሽለው በትንሽ ኤሌክትሪክ ያንኑ ሥራ አሠሩት።

እዛው ሕግ ውስጥ ከዋቱ ይልቅ እኔን የሳበኝ ሌላ ቁጥር አለ። ሞተሩ ቢያንስ 500 ሰዓት መሥራት አለበት ይላል። 500 ሰዓት ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? በሳምንት አንድ ሰዓት ለሚያጸዳ ሰው ወደ 10 ዓመት ይጠጋል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለሚያስነሳው ግን ሦስት ዓመት አይሞላም። ስለዚህ "ስንት ዓመት ያገለግላል?" ብሎ ሻጩን ማድረቅ ብዙም አያዋጣም። የሚሻለው ጥያቄ "ቀድሞ የሚበላሸው ምኑ ነው? ሲበላሽስ ይቀየራል?" የሚለው ነው። ሦስቱን ዓይነት በዚህ በኩል እንያቸው።

ከባለ ከረጢቱ ልጀምር። ፋሽኑ ያለፈበት የሚመስለው እሱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አየሩ ቆሻሻውን ይዞ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፣ ቆሻሻው እዛ ይቀራል፣ አየሩ በከረጢቱ ግድግዳ ሾልኮ ሞተሩ ጋ ይደርሳል። ሞተሩ የሚያገኘው የተጣራ አየር ነው ማለት ነው። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛው የቤት ቫኪዩም ሞተር የሚቀዘቅዘው በዛው በሚስበው አየር ነው። አቧራ አምልጦ ከገባ ኩሽኔታውን ይበላዋል፣ ካርቦኑንም ቶሎ ይጨርሰዋል። ካርቦን የምለው የሚሽከረከረውን መዳብ ግራና ቀኝ ተጭነው ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን ሁለት ትንንሽ ጥቋቁር እንጨት መሳዮች ነው። እንደ እርሳስ እየተፋቁ ያልቃሉ። ሲያልቁ ማሽኑ ይቆማል፣ ሰውም "ሞተሩ ተቃጠለ" ብሎ ይጥለዋል። ብዙ ጊዜ ግን አልተቃጠለም፣ ካርቦኑ ነው ያለቀው።

የባለ ከረጢቱ ጣጣ ከረጢቱ ራሱ ነው። መግዛት አይቆምም። ልኩ ገበያ ላይ ከጠፋ ደግሞ ደህናው ማሽን ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ከረጢቱ በቀላሉ መገኘቱን አረጋግጡ። ሌላው፣ ከረጢቱ ግማሽ ሳይሞላ መሳብ ሊደክም ይችላል፤ የደቀቀ አቧራ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ነው። ቀድመው የሚበላሹት እንግዲህ ገመዱን የሚጠቀልለው ስፕሪንግና መያዣው አካባቢ የሚሰነጠቀው ቱቦ ናቸው። ሁለቱም ይቀየራሉ።

ከረጢት አልባው ታሪኩ ደስ ይላል። ጄምስ ዳይሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ከረጢቱን ለማስቀረት 5127 የሙከራ ማሽን ሠርቷል። ሐሳቡ አየሩን እንደ አውሎ ነፋስ ማሽከርከር ነው። ሲሽከረከር ቆሻሻው ወደ ዳር ይወረወርና ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል፣ አየሩ በመሃል ይወጣል። ለፀጉር፣ ለፍርፋሪ፣ ለአሸዋ አሪፍ ነው። ዱቄት የመሰለውን አቧራ ግን ሁሉንም አይዘውም። የተረፈው ፊልተሩ ላይ ይለጠፋል፣ ፊልተሩን የሚያጥበው ደግሞ እናንተ ናችሁ።

እኔ እዚህ ጋ ነው ጉድ የሆንኩት። ርካሽ ከረጢት አልባ ነበረኝ። ግድግዳ በስቱኮ ተጠግኖ ከተፋቀ በኋላ ወለሉን በሱ ጠረግኩ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ድምፁ ቀጠነ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ቀጥ አለ። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ስሞክረው ተነሳ። "ተሻለው" ብዬ ቀጠልኩ! ለካ ሙቀት ሲበዛ የሚያጠፋው መከላከያ ነበር እየጮኸብኝ ያለው። ሦስት ጊዜ እንደዛ አደረግኩት፣ በአራተኛው አልተነሳም። ፊልተሩን ሳወጣው የተቦካ ሊጥ ይመስላል። ካርቦኑን ልቀይር ካቻቢቴ ይዤ ተቀመጥኩ። አራቱን ብሎን ፈታሁ፣ አልከፈት አለ። የሞተሩ ቤት በሙጫ የተለጠፈ ነበር። ለሁለት ትንንሽ ካርቦን ብዬ ሙሉውን ማሽን ጣልኩት።

ይሄ አየር የማሽከርከር ዘዴ "ሳይክሎን" ይባላል። ርካሹ ላይ ግን "ሳይክሎን" የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ጽሑፍ ብቻ ነው። ከፍታችሁ እዩት። ብዙ ትንንሽ ሾጣጣዎች ተደርድረው ካያችሁ አየሩን በደንብ እየለየው ነው። አንድ ባልዲና ወንፊት ብቻ ከሆነ ግን ሥራው በሙሉ የፊልተሩ ነው። ፊልተሩን ካጠባችሁ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ። እርጥቡን መልሶ መክተት ሞተሩን ውኃ እንደ ማጠጣት ነው። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ባልዲውን ስታራግፉ የሚነሳውን አቧራም አስቡት። ከረጢት ጥሩ ሄፓ ፊልተር (በጣም የደቀቀውን አቧራ የሚይዝ) ሲጨመርበት ለእንዲህ ያለው ቤት ይሻላል።

በነገራችን ላይ የአውሮፓው የቫኪዩም ደረጃ ምልክት (የኤሌክትሪክ ቁጠባውን ደረጃ የሚያሳየው) እ.ኤ.አ. በ2018 በፍርድ ቤት ተሽሯል። ከሳሹ የዳይሰን ኩባንያ ነበር። ክርክሩ ምን መሰላችሁ? የኤሌክትሪክ ፍጆታው የሚለካው ማሽኑ ባዶ ሆኖ ነው፣ ሰው ቤት ያለው ግን ባዶ አይደለም የሚል ነው። ሱቅ ውስጥ "እስቲ አስነሳው" ብላችሁ የምታዩትም ባዶውን ነው።

ባለ ባትሪው ጋ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ደህና ደህናዎቹ ሞተራቸው ካርቦን የለውም፣ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከሩም አሉ። ስለዚህ ቀድሞ የሚሞተው ሞተሩ ሳይሆን ባትሪው ነው። ሊቲየም ባትሪ እንደ አያያዙ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አቅሙ መቀነሱ ይታወቃል። ሙቀት ደግሞ ጠላቱ ነው። ካርቶኑ ላይ "60 ደቂቃ" የሚለው ብዙ ጊዜ በዝቅተኛው ጉልበት፣ የሚሽከረከረው ብሩሽ ሳይገጠም ነው። ምንጣፍ ላይ በሙሉ ጉልበት ሲሆን 10 ደቂቃ አካባቢ ላይ ሊያበቃ ይችላል። ግን ምቾቱ አይካድም። ገመድ የለ፣ ስፒና ፍለጋ የለ፣ ለደረጃና ለመኪና ውስጥ የሚደርስበት የለም። የኔ ምክር አንድ ነው፤ ባትሪው ተጫን ሲሉት ወልቆ የሚወጣ ካልሆነ አትግዙት። ውስጥ የተቀበረ ባትሪ ያለው ማሽን ዕድሜው የባትሪው ዕድሜ ነው።

ሮቦቱን ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት። በየቀኑ ላይ ላዩን ይጠርግላችኋል፣ ዋናውን ማሽን ግን አይተካም።

እንግዲህ ምንጣፍ የበዛበት፣ አቧራው የማያባራ ወይም አለርጂ ያለበት ቤት ከሆነ ያለማመንታት ባለ ከረጢቱን። ጠባብ ቤት፣ ባዶ ወለል፣ ቶሎ ቶሎ የሚጠረግ ከሆነ ባትሪው የሚወልቀውን። ከረጢት አልባውን ደግሞ ፊልተሩን በየወሩ እንደምታጥቡ ራሳችሁን የምታምኑ ከሆነ ብቻ። እኔ ራሴን አላምንም።

ሱቅ ስትሄዱ አስነስታችሁ የቱቦውን አፍ በመዳፋችሁ ዝጉት። ድምፁ ይቀጥናል። ብዙ ሰው ሞተሩ የተጨነቀ ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚገፋው አየር ስላጣ ቀሎት በፍጥነት እየዞረ ነው። የሚጎዳው ማቀዝቀዣ አየር ማጣቱ ነውና ብዙ አታቆዩት። በዛች ቅጽበት ጆሯችሁን ወደ ክዳኑ ጠጋ አድርጉ። "ስስስ" የሚል ከሰማችሁ ጎማው በደንብ አልገጠመም፣ አየር እያስገባ ነው። ከዛ ገልብጡትና ብሎኖቹን ቁጠሩ። ብሎን ካለው የመፈታት ዕድል አለው፤ የሞተሩ ቤት እንደኔው በሙጫ የተለጠፈ አለመሆኑን ግን ጠይቁ።

አሁን ያለኝ ባለ ከረጢት ነው። በቅርቡ ካርቦኑን ቀየርኩለት። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ አስራ አምስቱ ከእጄ ያመለጠችውን ብሎን ሶፋ ሥር ፍለጋ ነው።